ቀለህ፣ ባሩድና ምላጭ፦ ለተግባራዊ ሽጉጥ ተኩስ ውድድር እንዴት ይዘጋጃሉ?

ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ የወጣ መንገደኛ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከቆላ ሙቀት ወደ ወይና ደጋ ነፋስ ይሸጋገራል። ሐረር፣ ሐኪም ጋራ ሥር ሲደርስ ጃኬቱን ይፈልጋል። ይህ ለመንገደኛው የልብስ ጉዳይ ነው፤ ለተግባራዊ ሽጉጥ ተኩስ ተወዳዳሪ ግን የውጤት ጉዳይ ነው። ባሩድ ሙቀትና ቅዝቃዜ ይሰማዋል። በቀትር ሙቀት ተለክቶ ያለፈ ጥይት በቀዝቃዛ ማለዳ ሲተኮስ ፍጥነቱ ሊወርድ ይችላል፤ በዚህ ስፖርት ደግሞ ትንሽ የፍጥነት ጉድለት የሙሉ ውድድር ነጥብ ያሳጣል።

ተግባራዊ ተኩስ ቆሞ አንድ ዒላማ ላይ ማነጣጠር ብቻ አይደለም። ተወዳዳሪው እየሮጠ፣ ከግድግዳ ጀርባ ብቅ እያለ፣ ካዝና እየቀየረ ይተኩሳል፤ ያገኘው ነጥብ ለወሰደበት ሰከንድ ይካፈላል። ዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ ከተማ ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄፍ ኩፐር ነበር። መሪ ቃሉም ትክክለኛነት፣ ኃይልና ፍጥነት ነው። አፍሪካ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያው አለች፦ እ.ኤ.አ. በ1977 ዛሬ ሐራሬ በምትባለው ሳልዝበሪ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው የአገሬው ዴቭ ዌስተርሃውት ነው። ያሸነፈውም ኩፐር አጥብቆ ይደግፈው በነበረው ትልቁ .45 ሳይሆን በ9 ሚሊ ሜትር ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ነው።

ጥይት መቁጠር ለሐረርም እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከባሕር ዳርቻ የሚመጣው መሣሪያ በዚህ አካባቢ ያልፍ ነበር። ከታጁራ ተነሥቶ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ያደረሰው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦም ኋላ ላይ ሐረር ተቀምጦ ነግዷል። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ገበያ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር።

መጀመሪያ ሕጉ

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያም ጥይትም ማምረት፣ መያዝና መነገድ ይከለክላል። ስለዚህ ሐረርም ሆነ አዲስ አበባ ያለ አንባቢ ያለ ፈቃድ ቀለህ ለመሙላት አይሞክር፤ ለእሱ የሚጠቅመው በመጨረሻ የሚመጣው የእጅ ልምምድ ነው። ጥይት በቤት መሙላት የተፈቀደባቸው አገሮች አሉ፤ አሜሪካ አንዷ ናት። በእነዚህ አገሮች ያሉ ወገኖች ግን እያንዳንዱን ደረጃ በጥንቃቄ ይከተሉ።

ዕቃው

ጀማሪ ውድ ሽጉጥ አያስፈልገውም። ሳይሻሻል ከፋብሪካ እንደወጣ በሚያወዳድረው የፕሮዳክሽን ምድብ፣ ተራ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ይበቃል። ቀበቶው የማይታጠፍ ይሁን፤ አፎቱ ምላጩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍን። ገንዘብ ከተረፈ ለተጨማሪ ካዝና ይዋል። በየካዝናው ላይ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ይጻፉ፦ ሽጉጡ ሲነክስ ጥፋተኛው የትኛው ካዝና እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ቀለሁ

የተኮሱትን ቀለህ ይሰብስቡ፣ ይጠቡ፣ ያድርቁ፣ ከዚያ ይምረጡ። የተሰነጠቀ፣ የተጨፈለቀና የብረት የሆነ ይጣላል። ከወታደር መጋዘን የወጣ ቀለህ ከሆነ ውስጡን በባትሪ ብርሃን ይዩ፦ መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ካለው ይሞላል፤ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሉት ግን የተለመደው መሣሪያ አሮጌውን ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ክፍል) ስለማያወጣውና መርፌው ስለሚሰበር ይተዉት። ከዚያ በመጫኛው፣ ማለትም ጥይት በሚሞላበት መሣሪያ፣ ቅርጹ ይስተካከላል፣ አሮጌው ፕራይመር ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ አፉ በትንሹ ይከፈታል።

ባሩዱ፦ እዚህ ላይ ቀስ ይበሉ

ከዚህ በፊትም ከዚህ በኋላም ያሉት ደረጃዎች ቢበላሹ አብዛኛውን ጊዜ ጥይቱ አይገባም ወይም ዒላማ ይስታል። ይህ ሲበላሽ ግን ሽጉጥ ይፈነዳል፣ ጣት ይቆረጣል፣ ዓይን ይጠፋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የ9 ሚሊ ሜትር ቀለህ ትንሽ ናት፤ ቶሎ የሚነዱት የሽጉጥ ባሩዶች ደግሞ ግማሿን እንኳ ላይሞሉ ይችላሉ። ሁለት ጊዜ ቢፈስባት ሁለቱም ይገባሉ። አረሩ ከላይ ይቀመጣል፣ ጥይቱ እንደሌሎቹ ያበራል፣ ከውጭ አይለይም። ተቃራኒው ስሕተትም ከዚህ አይተናነስም፦ ባሩድ ያልገባባት ቀለህ ስትመታ ፕራይመሩ ብቻውን አረሩን ገፍቶ ከአፈሙዙ ቱቦ ውስጥ ይሰነቅረዋል። ቀጣዩ ጥይት ከኋላው ሲመጣ ቱቦው ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል።

ይህ ስሕተት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአለማወቅ ሳይሆን ከመቋረጥ ነው። ስልክ ይጮኻል፣ ልጅ ይጣራል፣ ጎረቤት ለቡና ይመጣል። ሰውየው ተመልሶ ሲቀመጥ መጫኛው ላይ ያለችው ቀለህ ባሩድ ወስዳ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለም፤ «ሳትወስድ አትቀርም» ብሎ ይቀጥላል። አይቀጥሉ። ከወንበር በተነሡ ቁጥር፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ መጫኛው ላይ ያለችውን ቀለህ ባሩድ ወደ ዕቃው መልሰው ከባዶ ይጀምሩ። ስልኩ ከሌላ ክፍል ይቀመጥ። ቡናው ይቆይ።

በአንድ የእጀታ ምት ብዙ ሥራ የሚሠራ ዘመናዊ መጫኛ በሰዓት ብዙ መቶ ጥይት ያወጣል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ምርጫ ግን አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራው ዘገምተኛ መጫኛና 50 ቀለህ የሚይዝ ባለ ቀዳዳ እንጨት ነው፤ በተለይ ለመጀመሪያው ዓመት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ 50ውም ቀለሆች አፋቸው ወደ ታች ተደፍቶ ይደረደራሉ። አንዷ ትነሣለች፣ ባሩድ ትቀበላለች፣ አፏ ወደ ላይ ሆኖ ትመለሳለች። ስለዚህ የተደፋች ሁሉ ባዶ፣ የቆመች ሁሉ የተሞላች ናት፤ ማስታወስ አያስፈልግም። ሁሉም ሲያልቅ ብርሃኑን ከላይ ያድርጉና ረድፍ በረድፍ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ከጎረቤቶቿ ከፍ ያለች ወይም ዝቅ ያለች አንዲት ቀለህ ካለች ዓይን ይይዛታል። ይህን ሳያደርጉ አንድም አረር አያስቀምጡ።

ሁለተኛው መከላከያ የባሩዱ ምርጫ ነው። በተመሳሳይ ክብደት ሰፊ ቦታ የሚይዘውን ይምረጡ፤ ሁለት ጊዜ ቢፈስ ከቀለሁ አፍ ፈስሶ ራሱን የሚያጋልጥ ከሆነ ደግሞ የተሻለ።

መጠኑን ከባሩዱ አምራች መጽሐፍ ብቻ ይውሰዱ፣ በዝቅተኛው ይጀምሩ፤ ጓደኛ በቃል የነገረዎት ቁጥር የእሱ ሽጉጥና የእሱ አረር ቁጥር ነው። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ በላይ የባሩድ ዕቃ አይኑር፤ የተረፈው በዚያው ቀን ወደ ራሱ ዕቃ ይመለስ። ሚዛኑን በታወቀ ክብደት ይፈትሹ፤ መስኮትና ፋን ይዘጉ፣ ምክንያቱም ትንሽ ነፋስ እንኳ ሚዛኑን ያሳስታል። ከአሥር አንዱን መልሰው ይመዝኑ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሜዳ ላይ አንዱ ተኩስ ከሌሎቹ ያነሰ ድምፅ ካሰማ፣ ወይም እጅዎ ላይ የለመዱት ግፊት ከጎደለ፣ ያቁሙ። ሰዓቱ ይሂድ። እጅ በልማድ ቃታ ስቦ ቀጣዩን ጥይት ሊያጎርስ ይቸኩላል፤ አደጋው ያለው በዚያች ቅጽበት ነው። ሽጉጡን ያውርዱ፣ ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ቱቦው ክፍት መሆኑን ይዩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይቀጥሉ።

አረሩን ማስቀመጥ

የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ሙሉ ርዝመት ከ29.69 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ነገር ግን ማሳጠርም ገደብ አለው፣ አረሩ ጠልቆ በገባ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራልና መጽሐፉ የሰጠውን ርዝመት ይጠብቁ። የተከፈተው የቀለህ አፍ ቀጥ ብሎ ይመለስ እንጂ አረሩን አይንከስ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የራስዎን ሽጉጥ ቱቦ ፈትተው ጥይቱን ይጣሉበት፤ ጠቅ ብሎ ገብቶ በጣት ሲሽከረከር፣ ሲገለብጡትም ራሱ ሲወድቅ ደኅና ነው። ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ አረሩም ፕራይመሩም እርሳስ አለባቸው።

ፍጥነቱን መለካት

የደንገጎው ነፋስ ዋጋ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። በውድድር ደንብ የአረሩ ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱ በጫማ በሰከንድ ይባዛና ለ1,000 ይካፈላል፤ ውጤቱ 125 ካልደረሰ ተወዳዳሪው ይተኩሳል እንጂ ነጥብ አይያዝለትም። ለምሳሌ 124 ግሬን አረር በ1,020 ጫማ በሰከንድ 126.48 ይሰጣል፤ ያልፋል። በቅዝቃዜ 20 ጫማ ብቻ ቢቀንስ 124 ይሆናል፤ ወደቀ። ስለዚህ ወደ 1,050 ጫማ ተጠግቶ 130 ላይ መቀመጥ ይሻላል፤ ይህም መጽሐፉ ከሚፈቅደው ጣሪያ ሳያልፍ። አብዛኛው ባሩድ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፣ ተቃራኒው ጠባይ ያላቸውም አሉ፤ ስለዚህ በሙቀትም በማለዳ ቅዝቃዜም ይለኩ። ጥይቱን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉ።

እጅ

ነጥብ የሚያድገው በባዶ ሽጉጥ ልምምድ ነው፤ ጥይትም ወጪም አይጠይቅም፣ ፈቃድ ላለው የሐረር ባለ ሽጉጥም ይሆናል። ጥይቱን በሙሉ ሌላ ክፍል ይቆልፉ። ሽጉጡን ሁለት ጊዜ በዓይን፣ አንድ ጊዜ በጣት ይፈትሹ። አቅጣጫው ሰው ወደሌለበት ወፍራም ግንብ ይሁን። ግንቡ ላይ ትንሽ ነጥብ ይለጥፉ፣ ምላጩን ይጫኑ፤ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ሲጫኑ ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ ከጣቱ ወይም ከአያያዙ ነው። በቀኝ እጅ ለሚተኩስ፣ ግራ እጅ ይበልጥ ይጨብጥ፣ ቀኝ እጅ ላላ ብሎ ጣቱን ነጻ ያድርግ።

ካዝና ሲቀይሩ አመልካች ጣት በካዝናው ፊት ለፊት ተዘርግቶ እስከ ላይኛው ጥይት ጫፍ ይድረስ፤ ዓይን ካዝናው የሚገባበትን ቀዳዳ ይይ። ሲራመዱ፣ ሲያጎርሱና ሲቀይሩ ጣት ከምላጩ ውጭ ይሁን። ፍጥነት የሚመጣው ከችኮላ አይደለም፤ ቅርብ ዒላማ ላይ ቶሎ፣ 25 ሜትር ላይ በትዕግሥት መተኮስን ከመለየት ነው። ምርጡ ክልል 5 ነጥብ ይሰጣል፣ ዒላማ መሳት ግን 10 ነጥብ ያስቀንሳል።

ሽጉጥ ከእጁ የወደቀበት፣ አፈሙዙን ከተፈቀደው አቅጣጫ ያወጣ ወይም ሳያስብ የተኮሰ ተወዳዳሪ በዚያው ቅጽበት ከውድድሩ ይሰናበታል፤ ዓለም ሻምፒዮን ቢሆንም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ውድድርዎ ደረጃ አያስቡ። የተጠራጠሩትን ጥይት ቤት ይተዉት፣ በረጋ እርምጃ ይተኩሱ፤ ግብዎም ሳይሰናበቱ መጨረስ ይሁን።