ያለ ግቢ የሚካሄድ ከባድ የመኪና ጥገና፦ በአዲስ አበባ የቦታና የጊዜ ጥያቄ

ጭምቅ ሐሳብ

በአዲስ አበባ ብዙ የመኪና ባለቤቶች የሚኖሩት የግል ግቢ በሌላቸው ቤቶች ነው። በዚህ ምክንያት ሞተርንና ካምቢዮን የሚነካ ከባድ ጥገና ሳይቀር በመንገድ ዳርና በጋራ መኪና ማቆሚያ ላይ ይካሄዳል። ይህ ጽሑፍ የሥራውን ሂደት በመተንተን፣ የግል ግቢ ለጥገና የሚያበረክተው ዋና ነገር መሣሪያ ወይም ጣሪያ ሳይሆን የተፈታ መኪናን ሳይገጥሙ ለማሳደር የሚያስችል ጊዜ መሆኑን ያሳያል። ይህ ጊዜ ሲታጣ የጥገናው ጥራት፣ የሠራተኛው ደኅንነትና የአካባቢው ንጽሕና በአንድነት ይጎዳሉ። በመጨረሻም በጋራ መኖሪያ መንደሮች ሊዘጋጅ የሚችል የጋራ መጠገኛ ቦታ በአማራጭነት ይቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ከባድ ጥገና፣ የመንገድ ዳር ጥገና፣ የጋራ መኖሪያ ቤት፣ የተቃጠለ ዘይት፣ የከተማ ቦታ አጠቃቀም

1. መግቢያ

መደበኛ ያልሆነ የሥራ ዘርፍ የሚለው አስተሳሰብ በልማት ክርክር ውስጥ ሰፊ ቦታ ያገኘው ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ኬንያ ካወጣው ዘገባ ወዲህ ነው። መንገድ ዳር የሚሠሩ መካኒኮችም በዚሁ ዘርፍ ሥር ይመደባሉ፤ ስለ እነርሱ የሚነሣው ጥያቄም በአብዛኛው የፈቃድ፣ የግብርና የገቢ ጥያቄ ነው። ሥራው ራሱ፣ ማለትም አንድ ሞተር አስፋልት ዳር ተፈትቶ እንዴት እንደሚገጠም፣ ከዚህ ጥያቄ ውጭ ሲቀር ይታያል። ይሁን እንጂ የቦታ እጦት በሰውና በንብረት ላይ የሚያስከትለው ጉዳት በግልጽ የሚታየው በሥራው ሂደት ውስጥ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ከባድ ጥገና የሚባለው በዋጋው ውድ የሆነው አይደለም። መኪናው በጥገናው ላይ ሳለ በራሱ ኃይል መንቀሳቀስ እንዳይችል የሚያደርግ ሥራ ሁሉ ከባድ ጥገና ነው። ዘይት መቀየር፣ ካንዴላ መለወጥና የፍሬን ሸራ መተካት በሰዓታት ውስጥ ያልቃሉ፤ ዝናብ ቢመጣ ወይም ደንብ አስከባሪ መኪናው እንዲነሣ ቢያዝ ሥራውን ቶሎ ቋጭቶ መሄድ ይቻላል። ካምቢዮው የወረደ ወይም ቴስታታው የተነሣ መኪና ግን ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

2. የቦታው እጦት መነሻ

አስቀድሞ ግቢ የነበረው ሰው መኪናውን ከአጥሩ ውስጥ አስገብቶ መካኒኩን ወደ ቤቱ ይጠራ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ በስፋት የተገነቡት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ይህን ልማድ ቀይረውታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የቤቱን ባለቤትነት ለግለሰብ ሲሰጥ ከቤቱ ውጭ ያለውን መሬት የጋራ መጠቀሚያ አድርጎታል። በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ መኪና ለማቆም፣ ልብስ ለማስጣት፣ ለሠርግና ለለቅሶ ድንኳን ለመትከልና ለልጆች መጫወቻ በአንድነት የሚያገለግል ነው። በዚህ ቦታ ለሦስት ቀን ሞተር ፈትቶ የሚያስቀምጥ ነዋሪ የሌሎችን ድርሻ ይወስዳል።

በሌላ በኩል መኪኖቹ እያረጁ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በውጭ አገልግለው በሚገቡ መኪኖች ላይ በዕድሜያቸው መጠን እየከበደ የሚሄድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ከነዚህ እርምጃዎች የሚጠበቀው አንዱ ውጤት በእጅ ያለው የነዳጅ መኪና ለረጅም ዘመን ተጠግኖ እንዲያገለግል መገደዱ ነው። ያረጀ መኪና ደግሞ ከካንዴላና ከሸራ አልፎ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ሞተር ይጠይቃል። ስለዚህ የከባድ ጥገና ፍላጎት የሚጨምረው ጥገናው የሚካሄድበት የግል ቦታ በሚጠብብበት በዚሁ ጊዜ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የዋና ዋና መንገዶችን ዳርቻ በእግረኛ መንገድ፣ በብስክሌት መስመርና በአትክልት ተክቷል። ለእግረኛው ጥቅሙ ግልጽ ነው። መንገድ ዳር ይሠራ የነበረው መካኒክ ግን የሚቀረው አማራጭ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድና ወደ ጋራ መኖሪያ መንደር መግባት ነው።

3. ግቢ የሚሰጠው ጊዜ

የቦታ እጦት ምን እንደሚያሳጣ ለመረዳት ሁለት ከባድ ጥገናዎችን ማነጻጸር ይጠቅማል። የመጀመሪያው ፍሪሲዮን መቀየር ነው። እንደ ቪትዝ ባለ ኃይሉ ወደ ፊት ጎማ በሚሄድ አነስተኛ መኪና ላይ ካምቢዮው ይወርዳል፤ ያለቀው ሸራና ኩሽኔታው ይተካሉ፤ ካምቢዮው ተመልሶ ይገጠማል። ሥራው ጉልበት ይፈልጋል። ነገር ግን መለዋወጫው አስቀድሞ ከተገዛ አንድ ልምድ ያለው መካኒክና አንድ ረዳት ጠዋት ጀምረው ሳይመሽ ሊጨርሱት ይችላሉ።

ሁለተኛው የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቀየር ነው። ሞተሩ ውኃ አጥሮት ከመጠን በላይ ከጋለ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ ጓርኒሲዮኑን ብቻ መተካት አይበቃም፤ የቴስታታው ገጽ ልሙጥነት መለካት አለበት። በብዙ አነስተኛ ሞተሮች የሚፈቀደው ዝንፈት ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህም ከአንድ ወረቀት ውፍረት አይበልጥም። ከዚህ ካለፈ ቴስታታው ወደ ቶርኖ ቤት ተልኮ በማሽን ይስተካከላል። በዚያ ደግሞ ተራ አለ። መካኒኩ የፈለገውን ያህል ቀልጣፋ ቢሆን የቶርኖ ቤቱን ተራ ማሳጠር አይችልም። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሞተሩ ሲሊንደሮች ተከፍተው መኪናው ይቆማል።

ሁለቱ ሥራዎች የሚጠይቁት መሣሪያ ብዙም አይራራቅም። የሚለያያቸው ሌሊት ነው። ፍሪሲዮን በአንድ ቀን ብርሃን ሊዘጋ ይችላል፤ የቴስታታ ሥራ ግን መኪናው ተከፍቶ እንዲያድር ያስገድዳል። ግቢ ላለው ሰው ይህ ሌሊት ምንም አያስወጣውም። ግቢ ለሌለው ግን ሌሊቱ ዋጋ አለው፤ ለጥበቃ ይከፈልበታል፣ ከዝናብና ከአቧራ መከላከያ ሸራ ይፈለግለታል፣ ከጎረቤት ጋር ድርድር ይካሄድበታል። አለዚያም ጋራዥ ገብቶ ከእጅ ዋጋው በላይ የግቢውን ወጪ ጭምር መሸፈን ይመጣል።

ይህን ዋጋ መክፈል ያልቻለ ባለመኪና ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። አንደኛው የልሙጥነት ልኬቱን ዘልሎ በአዲስ ጓርኒሲዮን በዚያው ቀን መግጠም ነው። የተጣመመው ገጽ እንዳለ ከተገጠመ የሞተሩ ውኃ ከዘይቱ ጋር ሊቀላቀልና ሞተሩ ዳግመኛ ሊግል ይችላል፤ ሁለተኛው ጉዳት ከመጀመሪያው ይከፋል። ሌላው ከመርካቶው ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሙሉ ሞተር ገዝቶ መቀየር ነው። ይህም ቢሆን መኪናው በአጭር ጊዜ እንዲነሣ ያደርጋል፤ ነገር ግን ሊጠገን ይችል የነበረ ሞተር ይጣላል፤ የውስጡ ይዞታ በውል ያልታወቀ ሌላ ሞተር በቦታው ይገባል። ከውጭ ሲታይ የመካኒኩ ቸልተኝነት ወይም የባለቤቱ ቁጠባ የሚመስለው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የአንድ ሌሊት ማደሪያ እጦት ውጤት ነው።

4. የጊዜ እጦትን የሚያካክስ የሥራ ሥርዓት

ልምድ ያላቸው የመንገድ ዳር መካኒኮች ለዚህ ችግር ያበጁት ሥርዓት አለ። ሥርዓቱ በሦስት መርሆች ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛ፣ መለዋወጫው በእጅ ሳይገባ መኪና አይፈታም። በግቢ ውስጥ መጀመሪያ ፈትቶ የተጎዳውን አይቶ መለዋወጫ መግዛት ይቻላል፤ መንገድ ዳር ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ስለዚህ ከመፍታት በፊት የሚደረግ ምርመራ ከፍ ያለ ቦታ ይይዛል። የሞተሩን ድምፅ ማዳመጥ፣ የጭሱን ቀለም ማየት፣ የራዲያተሩን ውኃና የዘይቱን መልክ መመርመር፣ የሲሊንደሮቹን ግፊት መለካት የግምትን ስሕተት ይቀንሳሉ።

ሁለተኛ፣ መኪናው ወደ መሣሪያው ከሚሄድ ክፍሉ ወደ መሣሪያው ይሄዳል። ቴስታታው ወደ ቶርኖ ቤት፣ ራዲያተሩ ወደ በያጅ፣ ጎማው ወደ ጎሚስታ ይላካል። መንገድ ዳር የሚቀረው መፍታትና መግጠም ብቻ ነው። በዚህ አሠራር ጥገናው በአንድ ጣሪያ ሥር ሳይሆን በከተማው ውስጥ ተበታትኖ ይካሄዳል፤ ጋራዥ የሚሆነው ሰፈሩ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ የተፈታው ሁሉ በቅደም ተከተል ይያዛል። ቡሎኖቹ በካርቶን ላይ በየቦታቸው ይሰካሉ፤ ገመዶችና ቱቦዎች ከመነቀላቸው በፊት በስልክ ፎቶ ይነሣሉ፤ የተከፈተ ቀዳዳ ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ይደፈናል። የቴስታታ ቡሎኖች ከመሐል ወደ ዳር፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በደረጃ፣ በመለኪያ ቁልፍ መጥበቅ አለባቸው። በመሸ ጊዜ በችኮላ የሚዘለለው ይህ የመጨረሻው እርምጃ ነው።

እነዚህ መርሆች የቦታን እጦት ያቃልላሉ እንጂ አያስወግዱትም። ሥርዓቱ የተሟላ ቢሆን እንኳ ሁለት አደጋዎች ከአቅሙ በላይ ናቸው።

5. በሰውና በአካባቢ ላይ የሚደርስ ጉዳት

የመጀመሪያው አደጋ ከመኪናው ሥር ለሚተኛው ሠራተኛ ነው። አንድ አነስተኛ መኪና ወደ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ ከተነሣ በኋላ መኪናው በጠንካራና በተስተካከለ መሬት ላይ በቆመ የብረት ድጋፍ መያዝ አለበት። መንገድ ዳር ግን መሬቱ ያዘቀዝቃል፣ በክረምት ይረጥባል፣ ድጋፉም ብዙ ጊዜ ድንጋይ ወይም ቸርኬ ነው። ድንጋይ በድንገት ሊሰነጠቅ ይችላል። የካምቢዮ ሥራ ደግሞ ሠራተኛው ከሥር ተኝቶ ከባድ ክፍል እንዲታገልና መኪናውን እንዲነቀንቅ ያስገድደዋል። ከሥር የሚገባው በአብዛኛው ወጣቱ ረዳት በመሆኑ አደጋው ልምዱ አነስተኛ በሆነው ላይ ይከብዳል።

ሁለተኛው አደጋ የተቃጠለ ዘይት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ለሕዝብ በሚያሰራጨው መረጃ ከአንድ የዘይት ቅያሪ የሚወጣ የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል እንደሚችል ይገልጻል፤ ይህም ወደ 3.8 ሚሊዮን ሊትር ነው። በአዲስ አበባ የተቃጠለ ዘይት ፈላጊ አያጣም፤ ለአጥር ቋሚ እንጨት ምስጥ መከላከያነት ይገዛል። መንገድ ዳር የሚጠፋው ግን መያዣ ሳይቀርብለት የፈሰሰው፣ ክፍሎች ከታጠቡበት ነዳጅ ጋር የተቀላቀለውና ከአፈሩ ጋር የተለወሰው ነው። ይህን የክረምት ዝናብ ጠርጎ ወደ ጅረቶች፣ ከዚያም ወደ አቃቂ ወንዝ ያደርሰዋል። በአቃቂ ውኃ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች ስላሉ ከመንገድ ዳር የታጠበው ዘይት ወደ ከተማዋ ገበታ የሚመለስበት መንገድ አለ።

6. የጋራ መጠገኛ ቦታ እንደ አማራጭ

መንገድ ዳር የሚካሄድን ጥገና መከልከል ብቻውን ጥገናውን አያስቀረውም፤ ይበልጥ ወደ ተሰወረ ቦታና ወደ ባሰ ጥድፊያ ይገፋዋል። የኬንያ ልምድ ለዚህ ጥያቄ ጠቃሚ ነው። በዚያ አገር ገላጣ ቦታ ላይ የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች በስዋሂሊ ቋንቋ «ጁአ ካሊ»፣ ማለትም «ብርቱ ፀሐይ» በሚል ስም ይታወቃሉ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መንግሥት ለእነዚህ ባለሙያዎች መጠለያዎችን መሥራት ጀምሮ ነበር። የእርምጃው መነሻ ሐሳብ ባለሙያውን ከማባረር ይልቅ የጎደለውን ነገር ማሟላት ነው። በአዲስ አበባ የጎደለው ግን ከጣሪያ በፊት ሌሊት መሆኑ ከላይ ታይቷል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ሙሉ ጋራዥ አይደለም። በአንድ የጋራ መኖሪያ መንደር ውስጥ ለሁለት ወይም ለሦስት መኪና የሚበቃ፣ ወለሉ የተስተካከለ ሲሚንቶ የሆነ፣ የሚቆለፍ አጥር፣ የብረት ድጋፎችና የተቃጠለ ዘይት መሰብሰቢያ በርሜል ያለው ቦታ ይበቃል። አስተዳደሩ ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊሰጥ፣ ክፍያውም በሌሊት ሊሰላ ይችላል። ክፍያው በሌሊት ሲሆን ቦታው የቆሙ መኪኖች መጣያ እንዳይሆን ይረዳል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። ጎረቤት ስለ ጫጫታው፣ ስለ ሽታውና ስለ እሳት አደጋው ይጨነቃል። ጭንቀቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም እነዚሁ ችግሮች አሁንም በየሕንፃው ሥር ያለ ገደብ አሉ። ብየዳና ቀለም መርጨት ከቦታው ተከልክለው፣ የሥራ ሰዓት ተወስኖ፣ እሳት ማጥፊያ ቢቀመጥ ችግሩ ከተበታተነበት ተሰብስቦ ኃላፊ ያገኛል። የኤሌክትሪክ መኪኖች መብዛትም ጥያቄውን አይዘጋውም። እነርሱ ፍሪሲዮንና ጓርኒሲዮን ባይኖራቸውም በብዙ መቶ ቮልት የሚሠራ ከባድ ባትሪ ከወለላቸው ሥር ይሸከማሉ። ባትሪውን የሚመለከት ሥራ ደረቅና የታጠረ ቦታ፣ ሥልጠና ያገኘም ባለሙያ ይፈልጋል። ይህ ሥራ ለመንገድ ዳር ከሞተር ሥራ ይልቅ የማይመች ነው።

7. መደምደሚያ

ግቢ የሌለው ባለመኪና መካኒክ አላጣም፤ መለዋወጫም ሆነ ቶርኖ ቤት አላጣም። ያጣው የተጀመረ ሥራ እስኪያልቅ ድረስ ሳይነካ የሚቆይበትን ሌሊት ነው። ይህ እጦት ጥሩ መካኒክ የሚያውቀውን ነገር ዘልሎ እንዲሄድ፣ ሊጠገን የሚችል ሞተር እንዲጣል፣ ረዳቱም በድንጋይ ከተደገፈ መኪና ሥር እንዲተኛ ያደርጋል። በጋራ መኖሪያ መንደሮች ዕቅድ ውስጥ ለቆሙ መኪኖች ቦታ ሲለካ ለተፈቱ መኪኖችም ጥቂት ካሬ ሜትር መታሰቡ ከዚህ አንጻር ቅንጦት አይሆንም። ለቀጣይ ጥናት የሚቀርበው ጥያቄም ሊለካ የሚችል ነው፤ በአንድ መንደር ውስጥ በዓመት ስንት መኪና ተፈትቶ ያድራል፣ ከእነዚህስ ውስጥ ስንቱ ጥገናው ሳይሟላ በችኮላ ይገጠማል? መልሱ ለመንደሩ የሚያስፈልገውን የመጠገኛ ቦታ ስፋት ለመወሰን ያስችላል።