ሙት ወቃሽ አያድርገን

የተከበራችሁ ወላጆችና ሽማግሌዎች፣ በአማርኛ ትምህርታችን «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚለውን አነጋገር ስንማር አንድ ጥያቄ ተነሣ። ሰው የበደለ ዘፋኝ ከሞተ በኋላ በሽልማት መድረክ ሊከበር ይገባዋልን?

እዚህ በእስራኤል «ንጉሡ» እየተባለ የሚጠራው ዞሃር አርጎቭ ምሳሌ ይሆነናል። በ1982 እ.ኤ.አ. «ፔራኽ ቤጋኒ» በተባለው ዘፈኑ የምሥራቃዊ ዜማ ውድድርን አሸነፈ። ከዚያ በፊት ግን ሴት አስገድዶ በመድፈር ተፈርዶበት ታስሮ ነበር። በኋላም የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኛ ሆነ፤ በ1987 እ.ኤ.አ. በእስር ክፍል ውስጥ ራሱን አጠፋ። በ1993 እ.ኤ.አ. ስለ ሕይወቱ ፊልም ተሠራለት።

ለቅሶ ቤት ሙትን የማንወቅሰው ሐዘንተኛውን ለማጽናናት ነው። የሽልማት መድረክ ግን ለቅሶ ቤት አይደለም፤ ለእኛ ለወጣቶች «እንዲህ ሁኑ» ብሎ አርአያ የሚያሳይ ነው። ጥፋቱ ተደብቆ ሰውየው ብቻ ቢወደስ፣ የተበደለችው ሴት ተረሳች ማለት ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ዘፈኑ ይከበር፤ የሰውየው ታሪክ ሲነገር ግን ሙሉው ይነገር። እውነትን መናገር ሙትን መውቀስ አይደለም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? እኛ የቤርሼባ ተማሪዎች ምክራችሁን እንጠብቃለን።