ሽንት ቤት ሲደፈን ምን እናድርግ?

ሶላት ያለ ጦሃራ ተቀባይነት የለውም። ሽንት ቤት ተደፍኖ ሲገነፍል ግን ነጃሳው ልብስና ወለል ከመበከል አልፎ ተቅማጥና ታይፎይድ ለቤተሰቡ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ፦

1. ደጋግመው ውኃ አይልቀቁ፤ ሕፃናትን ያርቁ፤ የላስቲክ ጓንት ያድርጉ። መቀመጫው ከሞላ በጣሳ ቀድተው ያጉድሉት።

2. ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው 20 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ከዚያም አንድ ባልዲ ሞቅ ያለ ውኃ ከወገብ ከፍታ ያፍሱበት። የፈላ ውኃ ግን መቀመጫውን ሊሰነጥቅ ይችላል።

3. ካልተከፈተ፣ እጀታ ያለውን ጎማ ቀዳዳው ላይ ገጥመው ደጋግመው ይግፉ፤ ይሳቡ።

ከሁሉም በላይ በረኪናና አሲድ በፍጹም አይቀላቅሉ! ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ሳንባን ይጎዳል፤ ሊገድልም ይችላል። ድንገት ከተቀላቀለ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ፤ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎት በፍጥነት ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ዳይፐር፣ ሞዴስና ጨርቅ ሽንት ቤት ውስጥ አይጣሉ። የመታጠቢያው ፍሳሽም አብሮ ከተመለሰ ችግሩ ከዋናው መስመር ሊሆን ስለሚችል የቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን!