ምዕራፍ 7፦ ቁልፉን ደግመው ከማዞርዎ በፊት

ባለ ሁለት ሞተር የፍጥነት ጀልባ ከማያሚ ወጥቶ ባሕሩ ላይ ሲጋልብ ውሎ ወደብ ገባ እንበል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁልፉ ሲዞር የቀኙ ሞተር ወዲያው ተነሣ፤ የግራው ግን «ጓ» ብሎ ቀጥ አለ። በአካባቢው የቆመ ሰው ሁሉ ምክሩ አንድ ነው፦ ባትሪው ደክሟል፣ ከሌላው አጣምርና ደግመህ ሞክር። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ቁልፉን አይንኩት። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ገብቶ ከሆነ፣ ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲመጣ ውሃው እንደ አየር አይጨመቅለትም፤ ሞተሪኖው በገፋ ቁጥር ቢየላው ሊጎብጥ ይችላል። ውሃውን አውጥቶና ዘይት ቀይሮ ማዳን ይቻል የነበረው ሞተር በዚህች ሁለተኛ ሙከራ ይሞታል።

በጀልባ ላይ ውሃ ቀዳሚ ተጠርጣሪ የሚሆነው ከአሠራሩ የተነሣ ነው። ዶን አሮኖው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማያሚ ላይ እንደ ዶንዚና ማግነም ያሉ ጀልባዎችን ማሠራት ከጀመረ ወዲህ፣ በዚህ ዓይነት ጀልባ ሆድ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሲገጠም የኖረው ከአሜሪካ መኪና የመጣ ትልቅ ቪ8 ነው፤ 7.4 እና 8.2 ሊትር የሆኑት የሼቭሮሌ ሞተሮች የታወቁ ናቸው። መኪና ሜዳ ላይ ሲደርስ ያርፋል፤ የጀልባ ሞተር ግን ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት እንደሚወጣ አይሱዙ ነው፣ ሜዳ የለውም። በዚያ ላይ ሞተሩን ያቀዘቀዘው ውሃ የሚወጣው ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበትን የጭስ ማውጫ ክርን ጨው ከውስጥ ሲበላው፣ ወይም ጓርኒሲዮኑ ሲያፈስ፣ ውሃው ወደ ኋላ ተንጠባጥቦ በተከፈተ የጭስ ቫልቭ በኩል ሲሊንደር ይገባል። ለፍጥነት ተብሎ የተቀየረ ካምሻፍት ካለ ነገሩ ይብሳል። የመግቢያውና የጭሱ ቫልቭ አብረው ተከፍተው የሚቆዩበት ጊዜ ስለሚረዝም፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ጭሱን ከነውሃው መልሶ ሊስብ ይችላል።

ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው በመፍቻ ነው። መጀመሪያ የሞተሩን ክፍል ከፍተው ያሽትቱ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል፣ አንድ ብልጭታም ይበቃዋል። ሽታ ካለ ምንጩ እስኪገኝ ሥራው ይቁም። ከሌለም የአየር ማስወጫውን ቢያንስ ለ4 ደቂቃ ያሠሩ። ከዚያ ባትሪውን ያላቅቁና ስምንቱንም ካንዴላ ፈትተው በንጹሕ ጨርቅ ላይ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ይደርድሩ። ይህን ድርድር ቸኩለው አይለፉት። ጤነኛው ካንዴላ ደረቅና ቡናማ ቀለም ያለው ነው። እርጥብ ሆኖ የዛገ ካለ፣ ውሃው የገባው በዚያ ሲሊንደር ነው። ነጩ ሸክላ ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ካዩ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው፤ ያ ከፒስቶኑ ቀልጦ የተረጨ አሉሚኒየም ነው። ሞተሩ ቤንዚን አንሶት ወይም እሳቱ ያለ ጊዜው ተነሥቶበት ውስጡ ሲንኳኳ ቆይቷል ማለት ነው።

ካንዴላዎቹ እንደወጡ ክራንክሻፍቱን በረጅም መፍቻ በእጅዎ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት። ያለ እንቅፋት ከዞረ መልካም። ከዚያ በኋላ ነው ባትሪው የሚገጠመው፤ እሳቱ ተቋርጦ በሞተሪኖው ለአፍታ ሲዞር ውሃው በካንዴላ ቀዳዳ ይረጫል፣ ፊትዎን ዘወር ያድርጉ። ቢየላ ጎብጦ እንደሆነ የሚለይ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ ገንዘብ አይጠይቅምና እወደዋለሁ። ቀጭን የእንጨት ዘንግ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብተው ፒስቶኑን ጫፉ ላይ ያድርሱት፣ ዘንጉ ላይም ምልክት ያድርጉ። በእያንዳንዱ ሲሊንደር በተመሳሳይ አቅጣጫ ይደግሙታል። አንዱ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ከቆመ ቢየላው አጥሯል፤ አጥሯል ማለት ጎብጧል ማለት ነው፣ ሞተሩም ይወርዳል።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን ይለካል። ባትሪው የሞላ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻው የተከፈተ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር እኩል ዙር ይስጡ። የጄኔራል ሞተርስ መመሪያ ዝቅተኛው ከከፍተኛው 70 በመቶ እንዳያንስ፣ የትኛውም ከ100 ፒኤስአይ በታች እንዳይሆን ይላል። ለእንደዚህ ዓይነት ሞተር ይህ በጣም ለጋስ ነው ባይ ነኝ፤ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ምክንያቱን እፈልጋለሁ። ስምንቱም እኩል ዝቅ ካሉ ግን አይደንግጡ፤ ትልቅ ካምሻፍት ቁጥሩን በራሱ ያወርደዋል። እዚህ ላይ ነው ሁለት ሞተር መኖሩ የሚጠቅመው። የቀኙን ሞተር በተመሳሳይ መንገድ ይለኩት፤ ከየትኛውም መጽሐፍ የተሻለ ማነጻጸሪያ ነው።

በዝቅተኛው ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው እንደገና ሲለኩ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው አልቋል፤ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ይጠርጥሩ። ለማረጋገጥ ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ቦታ በኮምፕሬሰር አየር ይሞላና ጆሮ ይጣላል። አየሩ በካርቡራተር ከተነፈሰ የመግቢያ ቫልቭ፣ በጭስ ማውጫ ከወጣ የጭስ ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከመጣ ፋሻ ወይም ፒስቶን ነው።

ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ፊልትሮውን በመጋዝ አይቁረጡት፣ የመጋዙ ብናኝ ያሳስትዎታል፤ በፊልትሮ መክፈቻ ከፍተው ወረቀቱን ይዘርጉት። ማግኔት የሚስበው ብናኝ ከክራንክሻፍት፣ ከካምሻፍት ወይም ከሲሊንደር ግድግዳ ነው፤ ማግኔት የማይስበው ስስ ቅርፊት አብዛኛውን ጊዜ ብሮንዚና ነው። ከዘይቱ ጥቂት ለላቦራቶሪ ቢልኩ ሶዲየም የባሕር ውሃን፣ እርሳስና መዳብ ብሮንዚናን ይጠቁማሉ። ብሮንዚና የታየበትን ሞተር ድምፁን ለመስማት እንኳ አያስነሡት።

ቢየላው ደህና ሆኖ ውሃ ብቻ ከተገኘ ጊዜ የለም፤ ጨው ለነገ አይባልም። በዚያው ቀን ሲሊንደሮቹ ይደርቁ፣ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየሩ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ይሥራ፣ ዘይቱ ጥርት እስኪል ደጋግሞ ይቀየር። ሞተሩ ግን የጭስ ማውጫው ክርኖች ወርደው፣ በግፊት ተፈትሸውና ጓርኒሲዮናቸው ተቀይሮ ካልሆነ አይነሣ። በተበላ ክርን ሥር አዲስ ሞተር እንኳ ቢገባ፣ ያው ውሃ በዚያው መንገድ ይመለስበታል።