ዳገቱ ሳይጀምር ንባቡ ይጀመር

ኢየሩሳሌምን ማየት ትፈልጋለህ?

ስንት ዓመት ጠበቅህ? «ገንዘብ ሳገኝ» እያልክ፣ «ልጆቹ ሲያድጉ» እያልክ ስንት ፋሲካ አለፈ? ምኞትህ መልካም ነው። ግን እምነትህ የአውሮፕላን ትኬት ይጠብቅ ያለው ማነው? ድሬዳዋ ነህ እኮ! ከደጅህ የሚነሣ መንገድ አለህ።

ደንገጎን ወጥቶ፣ ላንጌን አልፎ፣ ቁልቢ ገብርኤል የሚያደርስ መንገድ።

«እሱንማ በየዓመቱ እሄዳለሁ» ትለኝ ይሆናል። ጎሽ! እንግዲያው ልጠይቅህ። ታኅሣሥ 19 ቀን የሚታሰበው ታሪክ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የት ነው ያለው? ለመጨረሻ ጊዜ ያነበብከውስ መቼ ነው?

እኔም ለዓመታት መልስ አልነበረኝም። ስንቅ አዘጋጃለሁ፣ ነጠላ አሳጥባለሁ፣ መኪና አስይዛለሁ። መጽሐፉን ግን አልከፍትም። ተሳልሜ እመለሳለሁ፤ በሳምንቱ ያው ነኝ። ያው ቁጣ፣ ያው ፍርሃት።

አንድ ሌሊት ግን ከላንጌ አለፍ እንዳልን አንዲት እናት አገኘሁ። ሊነጋ ሲል ነው፤ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ባዶ እግራቸውን ናቸው። በአንድ እጃቸው በላስቲክ የተጠቀለለ የስለት ጃንጥላ፣ በሌላው ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ። ትንሽ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ በሞባይል መብራት ጥቂት ያነብባሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ።

«እናቴ፣ ልያዝልዎት?» አልኳቸው።

«ጃንጥላውን ያዝልኝ ልጄ። መጽሐፉን አልሰጥህም፤ እሳቱ ውስጥ ሊጥሏቸው ነው።»

ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ላይ ነበሩ። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ለናቡከደነፆር የወርቅ ምስል አንሰግድም ያሉበት ቦታ። ንጉሡ ሦስት ጥሎ አራት አየ። ቤተ ክርስቲያናችን ከእቶኑ ያወጣቸው መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ነው ብላ ታስተምራለች፤ የታኅሣሡ ንግሥ የዚህ መታሰቢያ ነው። የሐምሌ 19ኙ ደግሞ ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከፈላ ጋን የዳኑበት።

አሁን አንድ ነገር አስተውል። ሦስቱ ወጣቶች አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ለንጉሡ ነገሩት። እዚያ ላይ አላቆሙም። ባያድናቸውም እንኳ እንደማይሰግዱ ነገሩት!

ስለትህን ይዘህ ስትወጣ ይህን ተሸከም። ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን ከመውጣት ይከብዳል። ግን ትችላለህ።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ንም አስታውስ። የንግሥት ህንደኬ የገንዘብ ሹም የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ኢየሩሳሌም ደርሶ፣ ሰግዶ እየተመለሰ ነው። ሕይወቱ የተለወጠው የት ነው? በመመለሻው፣ በጋዛ መንገድ፣ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ! ያነበበው አልገባውም ነበር። ቢሆንም አነበበ። ወንጌላዊው ፊልጶስ ሲደርስ የተከፈተ መጽሐፍ አገኘ። አንተ ጋ ቢደርስ ምን ተከፍቶ ያገኛል?

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኤጌርያ የምትባል ሴት ከምዕራብ ተነሥታ ቅድስት ሀገርን ዞረች። ሲና ተራራን በእግሯ ወጣች። ማስታወሻዋ ዛሬም ይነበባል። ልማዷ ምን ነበር? በደረሰችበት ጸሎት፤ ቀጥሎ ስለዚያ ቦታ የሚናገረው የመጽሐፍ ክፍል ይነበባል፤ ቀጥሎ መዝሙር። በቃ! ከ1,600 ዓመት በኋላ አንተም ልታደርገው ትችላለህ።

ቦታ ቃልን ይፈታል። ሉቃስ ምዕራፍ 10 ላይ ወንበዴዎች የደበደቡት ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ «ወረደ» ይላል። ለሜዳ አገር ሰው ተራ ቃል ነው። ለድሬ ልጅ ግን? ኢየሩሳሌም ከ700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ገደማ። 30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ያን ሁሉ ቁልቁል! ከደንገጎ ስትወርድ ጆሮህ ሲደፈን፣ ሹራብህን ስታወልቅ፣ የድሬ ሙቀት በመስኮት ሲቀበልህ ያን መንገድ ቀመስከው ማለት ነው። ኩርባውን፣ ገደሉን፣ ሽፍታ የሚያደፍጥበትን ቋጥኝ።

በዚሁ መንገድ ዳር አንዲት ሂጃብ የለበሰች እህት ከጀሪካን በጣሳ እየቀዳች ለተጓዡ ውሃ ስታቀብል አየሁ። የማንንም ስም አልጠየቀች፤ ሃይማኖትም አልጠየቀች። የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። የገባኝ ያን ጣሳ ስቀበል ነው።

ቦታ ቃልን እንደሚፈታ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ላሊበላ ላይ ወንዙን ዮርዳኖስ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱም አንዱን ጎልጎታ አሉት። ኢየሩሳሌም ለራቀችበት ሰው ኢየሩሳሌምን አቀረቡለት።

እንግዲህ ፕላን አውጣ። ከጉዞው 15 ቀን ቀድመህ ጀምር። ለምን 15? መዝሙረ ዳዊት ውስጥ የመዓርግ መዝሙር የሚባሉት 15 ስለሆኑ። ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጡ ተጓዦች ይዘምሯቸው እንደነበር ይነገራል። በቀን አንድ! አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው። ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለህ ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ትጨርሰዋለህ። ባጃጅ ስትጠብቅ ትጨርሰዋለህ።

አንድ ቀን ቢያመልጥህስ? በማግስቱ ቀጥል። አላርም ሙላ። ጓደኛህን «አቦ፣ ና አብረን እንጀምር» በለው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይጎትተዋል።

ዳገቱ ላይ ስልክህን አውጣ፣ ፎቶም አንሣ፤ ክፋት የለውም። ግን ቀድመህ አንብብ። ስትመለስ ደግሞ ደብተርህ ላይ አንድ መስመር ጻፍ፦ ነገ ማንን ይቅር እላለሁ? ጉዞው ሥር የሚሰድደው እዚህ መስመር ላይ ነው።

ለኢየሩሳሌምም ቁጠባህን ዛሬ ጀምር። ፓስፖርትህን አውጣ። አንድ ቀን ኢየሩሳሌም ባለው ገዳማችን፣ ከዴር ሡልጣን መነኮሳት ጋር ቆመህ ስታስቀድስ፣ ማንበብ የለመደ ዓይን ይዘህ ትደርሳለህ።

እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ዳንኤል ምዕራፍ 3ን ድምፅህን ከፍ አድርገህ ለቤተሰብህ አንብብላቸው። ሩብ ሰዓት አይፈጅብህም።