ወንዝ ዳር ቤት ከመሥራታችን በፊት

ዳንግላ ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የምትገኝ የአዊ ዞን ከተማ ናት። በወረዳው በዓመት በአማካይ 1600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል፤ ከዚህ ውስጥ 90 በመቶ የሚሆነው የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። እንደ አሜን፣ ብራንቴና ኪልቲ ያሉት የአካባቢው ወንዞች በበጋና በክረምት ፍጹም የተለያየ መልክ የሚይዙትም ከዚህ የተነሣ ነው።

ወንዝ ዳር መኖር ብዙ ጥቅም አለው። አፈሩ ለም ነው፤ ጉድጓድ ቢቆፈር ውሃው ቅርብ ነው፤ መስኖም አያስቸግርም። ይሁን እንጂ ወንዝን በጥር ወር አይቶ የቤት ቦታ የሚመርጥ ሰው ያየው የወንዙን ግማሽ ጠባይ ብቻ ነው። በድሬዳዋ የሚገኘው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ነገር ግን በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት በድንገት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

ጉዳዩ የገንዘብም ጉዳይ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ መሆኑን ሲደነግግ፣ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ የገነባው ቤት ግን ንብረቱ መሆኑን ያረጋግጣል። ስለሆነም ቤተሰብ ጥሪቱን የሚያፈሰው በመሠረቱ፣ በግድግዳውና በጣሪያው ላይ ነው። ወንዝም ሲሞላ የሚወስደው ይህንኑ ነው።

1. የሚፈስ ውሃ ጉልበት

የሚፈስ ውሃ በግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት በግምት እንዲህ ይሰላል፦

ግፊት = ½ × እፍግታ × ፍጥነት × ፍጥነት

የውሃ እፍግታ በሜትር ኩብ 1000 ኪሎ ግራም ነው። ደራሽ ውሃ በሰከንድ 2 ሜትር ቢፈስ ግፊቱ 2000 ፓስካል ይሆናል። 5 ሜትር ስፋት ያለው ግድግዳ እስከ 1 ሜትር ከፍታ ድረስ ውሃ ቢመታው የሚያርፍበት ጉልበት 10,000 ኒውተን ነው፤ ይህም የ1 ቶን ክብደት ያህል ማለት ነው። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ነፋስ ይህን የ2000 ፓስካል ግፊት እንዲፈጥር ከተፈለገ፣ አየሩ በሳሳበት በዳንግላ ከፍታ በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር ገደማ መንፈስ ይኖርበታል። በጉልበት ደረጃ የሚፈሰው ውሃ የአውሎ ነፋስ አቻ ነው። በባሕር ዛፍና በጭድ በተቦካ ጭቃ የተሠራ ግድግዳ ደግሞ በውሃ ሲርስ ጥንካሬውን ስለሚያጣ ጉዳቱ ይብሳል።

2. «በ50 ዓመት አንዴ» ማለት ምን ማለት ነው?

«እንዲህ ያለ ሙላት የሚመጣው በ50 ዓመት አንዴ ነው፤ አምና ስለ መጣ እንግዲህ አያሰጋም» የሚል አባባል ይሰማል። ይህ አባባል ስሕተት ነው። ትክክለኛው ትርጉም በእያንዳንዱ ዓመት የመምጣት ይሆናልነቱ 2 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ወንዙ ያለፈውን ዓመት አያስታውስም። በአንድ ዓመት ያለመምጣቱ ይሆናልነት 0.98 ነው። ቤቱ 30 ዓመት የሚያገለግል ከሆነ 0.98ን 30 ጊዜ በራሱ እናባዛለን፤ ውጤቱ 0.545 ገደማ ነው። ስለዚህ በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣቱ ይሆናልነት 45 በመቶ ይሆናል፤ ሳንቲም ወርውሮ ዕጣ ከማውጣት ብዙም አይለይም።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሙላት በቤቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት 500,000 ብር ቢሆን፣ የዓመቱ አማካይ ኪሳራ 2 በመቶው፣ ማለትም 10,000 ብር ነው፤ በ30 ዓመት 300,000 ብር ይደርሳል። በመሆኑም ወንዝ ዳር መሥራት ከሌላው ቦታ በ100,000 ብር ስለ ቀነሰ ብቻ ረክሷል ማለት አይቻልም።

3. ከታች የሚመጣው ውሃ

ጎርፍ ባይመጣም እርጥበት አለ። በአፈርና በግድግዳ ውስጥ ያሉ ጠባብ ቀዳዳዎች፣ የፋኖስ ክር ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ ውሃን ወደ ላይ ይስባሉ። ቀዳዳው በጠበበ መጠን ውሃው ከፍ ይላል። በድንጋይ መሠረቱና በግድግዳው መካከል ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ማድረግ ይህን መንገድ ይዘጋል። የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ስፍራ የመጸዳጃ ጉድጓድ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድን ሊበክል ስለሚችል፣ ሁለቱን ማራራቅና መጸዳጃውን በዝቅተኛው በኩል ማድረግ ያስፈልጋል።

4. የሌሎች አገሮች ብልሃት

በኢንዶኔዥያ፣ በባንጀርማሲን ከተማ አካባቢ ላንቲንግ የሚባሉ በግንድ ላይ የሚንሳፈፉ ቤቶች ይሠራሉ። የአርኪሜድስ ሕግ እዚያ ይሠራል፤ ወንዙ ከፍ ሲል ቤቱም ከፍ ይላል። ምክንያቱም አገሩ ሜዳ ነው፤ ወንዙም በባሕር ማዕበል ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። በእኛ ደጋ ግን ውሃው ከተዳፋት ስለሚወርድ ያው ቤት ተንሳፍፎ ሳይሆን ተወስዶ ይገኛል። ስለዚህ ልንማር የሚገባን የቤቱን ቅርጽ ሳይሆን ወንዝን አጥንቶ መሥራትን ነው።

5. ምን እናድርግ?

በዳንግላ ወረዳ ዳንጌሽታ ቀበሌ፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አርሶ አደሮች ዝናብን፣ የወንዝን ከፍታና የጉድጓድ ውሃን ጥልቀት እየለኩ መዝግበዋል፤ ተመራማሪዎችም መዝገቡን መርምረው ጥራቱን አስተማማኝ ሆኖ አግኝተውታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሜትር የተጻፈበት እንጨት፣ ደብተርና ትጋት ነው። ተማሪዎችም በየትምህርት ቤታቸው አቅራቢያ ባለው ወንዝ ይህን ሊያደርጉ ይችላሉ። ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰውም ቦታውን በነሐሴ ይመልከት፤ በዛፎችና በድንጋዮች ላይ የቀረውን የሙላት ምልክት ይፈልግ፤ የአካባቢውን አዛውንት ይጠይቅ፤ መሠረቱንም ከዚያ ምልክት በላይ ያድርግ።

መልመጃ

ሀ. በመጀመሪያው ምሳሌ ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሜትር ቢሆን በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ስንት ነው?
ለ. በ100 ዓመት አንዴ የሚባል ሙላት በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣቱ ይሆናልነት ስንት ነው?

መልስ፦ ሀ. 22,500 ኒውተን፤ ለ. 26 በመቶ ገደማ።