ከዜሮ በታች ያለው ቮልት
አሮጌ የድምፅ ቦርድን በአዳፕተር ስለ ማንቀሳቀስ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ ከፍታው መጨመሩን ከብርዱ ይረዳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ በ2900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ጎንደር 2100 ሜትር ያህል፣ ራስ ደጀን ደግሞ ከ4500 ሜትር በላይ ናቸው። አሁን ለአንድ አፍታ አምባ ጊዮርጊስን «ዜሮ» ብለን እንጥራት። ያን ጊዜ ራስ ደጀን ከ1600 በላይ ፖዘቲቭ፣ ጎንደር ደግሞ 800 ያህል ኔጌቲቭ ይሆናሉ። በጎንደር ላይ የጎደለ ነገር የለም፤ የተለወጠው መለካት የጀመርንበት ቦታ ብቻ ነው።

ቮልትም እንደ ከፍታ ሁልጊዜ የሚለካው በሁለት ነጥቦች መካከል ነው። «ኔጌቲቭ 12 ቮልት» ስንል ዜሮ ብለን ከሰየምነው ነጥብ በ12 ቮልት ዝቅ ያለ ማለታችን ነው። ይህ ቀላል የሚመስል ሐሳብ ያልገባው ሰው ደኅና የሆነ ዕቃ «ተበላሽቷል» ብሎ ሊጥል፣ ወይም በቅጽበት ሊያቃጥለው ይችላል። ለማስረዳትም በአሮጌ ኮምፒውተሮች ውስጥ የነበረውን የሙዚቃ ቦርድ እንደ ምሳሌ እንወስዳለን።

ቦርዱ ምንድን ነው?

በ1983 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የሙዚቃ መሣሪያ አምራቾች ሚዲ የተባለውን የጋራ ቋንቋ ይፋ አደረጉ። ሚዲ ድምፅ ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ «ይህን ኖታ በዚህ ጥንካሬ ምታ» ይላል እንጂ የድምፁን ሞገድ አያስተላልፍም። ትእዛዙ በሰከንድ 31250 ቢት ፍጥነት ይጓዛል። እያንዳንዱ ባይት ከመነሻና ከማብቂያ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሚይዝ፣ 3 ባይት ያለው ትእዛዝ 1 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም። ድምፁን የሚፈጥረው ትእዛዙን የሚቀበለው መሣሪያ ነው።

በ1992 ክሪኤቲቭ የተባለው ኩባንያ ዌቭ ብላስተር የሚባል፣ በሳውንድ ካርድ ላይ የሚጫን ትንሽ የድምፅ ቦርድ አወጣ። በሜሞሪው ውስጥ የእውነተኛ የሙዚቃ መሣሪያዎች ድምፅ ናሙናዎች ተቀርጸዋል። ቦርዱና ካርዱ የሚገናኙት 26 እግሮች ባሉት መሰኪያ ሲሆን፣ ያማሃና ሮላንድም በዚሁ መሰኪያ የሚገጠሙ ቦርዶችን ሠርተዋል። በኋላ የኮምፒውተሮች አሠራር ሲለወጥ ቦርዶቹ የሚጫኑባቸው ካርዶች ቀሩ። ቦርዶቹ ግን ዛሬም መሥራት ይችላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው መልእክትና ኃይል የሚያቀብል አዳፕተር ነው።

ሦስት ቮልት ለምን አስፈለገ?

ቦርዱ በመሰኪያው በኩል +5፣ +12 እና −12 ቮልት ይቀበላል። +5 ቮልቱ ቁጥሮችን ለሚያሰላው የዲጂታል ክፍል ነው። ሁለቱ 12 ቮልቶች ደግሞ የድምፅ ሞገዱን ለሚያጎላው ክፍል ናቸው። ሞገድ ከዜሮ በላይና በታች የሚወዛወዝ ነገር ነው፤ ማጉያው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ከሌለው የሞገዱ የታችኛው ግማሽ ይቆረጣል።

አምባ ጊዮርጊስ ውስጥ አንድ ተማሪ እንዲህ ያለ ቦርድ አግኝቶ +5 ቮልት ብቻ ሰጠው እንበል። የዲጂታሉ ክፍል ይነቃል፤ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ያሰላል። ማጉያው ግን ኃይል ስላላገኘ ድምፅ አይሰማም። ተማሪው «ሞቷል» ብሎ ቢጥለው የጣለው ጤነኛ ቦርድ ነው።

−12 ቮልትን ከ+12 ቮልት ማግኘት ይቻላል። አንድ ካፓሲተር በ12 ቮልት ይሞላና ከምንጩ ይላቀቃል፤ ቀጥሎ ፖዘቲቭ ጫፉ ከዜሮው መስመር ጋር ይገናኛል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው የ12 ቮልት ልዩነት ስላልተለወጠ፣ ሌላው ጫፍ ከዜሮ በታች 12 ቮልት ላይ ይገኛል። ይህ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ማጉያውን የሚመግብ ኔጌቲቭ ምንጭ ይሆናል።

ሙቀትና ከፍታ

ከ12 ቮልት አዳፕተር +5 ቮልትን ለማግኘት ተራ ሬጉሌተር ብንጠቀምና ቦርዱ 0.4 አምፔር ቢወስድ፣ 7 × 0.4 = 2.8 ዋት ወደ ሙቀት ይለወጣል። የማቀዝቀዣ ብረት ያልተገጠመለት ሬጉሌተር ለእያንዳንዱ ዋት 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይሞቃል ብንል፣ ከክፍሉ አየር በ140 ዲግሪ ይበልጣል። ክፍሉ 15 ዲግሪ ቢሆን ውስጡ 155 ዲግሪ ይደርሳል ማለት ነው። ይህ ከሚፈቀደው በላይ ስለሆነ ሬጉሌተሩ ራሱን ያጠፋል፤ ሙዚቃውም ይቋረጣል።

በአምባ ጊዮርጊስ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። የሳሳ አየር ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው። የደጋው ብርድ ጥቂት ቢያካክስም በብርዱ ብቻ መተማመን አይገባም። ስለሆነም ሰፋ ያለ የማቀዝቀዣ ብረት መግጠም፣ ወይም ብዙ ሙቀት የማያባክን፣ እያበራና እያጠፋ ቮልት የሚቀንስ መቀየሪያ መጠቀም ይመረጣል።

ከኪቦርዱም የሚገኝ ትምህርት

ጉዳዩ አሮጌ ኮምፒውተር ያላቸውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ በአገራችን ሠርግና መድረክ ላይ ከገባ ቆይቷል። በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ጋር አዋሕዶ የቀረጸው ኃይሉ መርጊያ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ በሚያሽከረክርበት ዘመን በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ መኪናው ውስጥ ይዞ በዕረፍቱ ይለማመድ ነበር። ባትሪ ዋልታዎቹ በግልጽ የተለዩ ናቸው፤ አዳፕተር ግን ያሳስታል። በርካታ አሮጌ የካሲዮ ኪቦርዶች 9 ቮልትና መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነ መሰኪያ ሲፈልጉ፣ በርካታ የያማሃ ኪቦርዶች ደግሞ 12 ቮልትና መሃሉ ፖዘቲቭ የሆነ ይፈልጋሉ። መሰኪያዎቹ በመልክ ይመሳሰላሉ። «ገባ» ማለት «ተስማማ» ማለት አይደለም።

ከመሰካታችን በፊት

አንደኛ፣ በአዳፕተሩና በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን ቮልትና የዋልታ ሥዕል እናስተያይ፤ ሁለቱም አንድ መሆን አለባቸው። የአዳፕተሩ አምፔር ግን ከሚፈለገው ቢበልጥ ጉዳት የለውም፤ መሣሪያው የሚወስደው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ቦርዱን ሳንገጥም አዳፕተሩን ብቻውን አብርተን ሦስቱንም ቮልቶች በመልቲሜትር እንለካ። የመልቲሜትሩ ጥቁር ገመድ ዜሮው መስመር ላይ ይሁን፤ በ−12 መስመር ላይ የመቀነስ ምልክት መታየት አለበት።

ሦስተኛ፣ ኃይሉን አጥፍተን 26ቱን እግሮች አስተካክለን እንግጠም። መሰኪያው በአንድ እግር እንኳ ቢንሸራተት 12 ቮልት ወደ ማይገባበት መስመር ሊገባ ይችላል፤ 5 ቮልት ብቻ የሚችለው ክፍል በዚያ ቅጽበት ይቃጠላል።

አራተኛ፣ ባለ 5 እግሩን የሚዲ ገመድ በቀጥታ ከቦርዱ ጋር አናገናኝ። በገመዱ የሚመጣው 5 ሚሊ አምፔር ያህል የሚፈስበት ዑደት ሲሆን፣ ቦርዱ የሚጠብቀው ግን የ5 ቮልት ምልክት ነው። በመካከላቸው መልእክቱን በብርሃን የሚያሻግር ኦፕቶካፕለር ያስፈልጋል፤ እርሱም የሁለቱን መሣሪያዎች ኃይል ለያይቶ ያቆያል።

እነዚህ ቦርዶች ዳግመኛ አይመረቱም፤ አንዱ ሲቃጠል ከዓለም አንድ ይጎድላል። የሚያድናቸው እውቀት ግን የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነው። መልቲሜትር በእጃችን ስንይዝ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስንት ቮልት ነው?» ሳይሆን «ከየት ተነሥቶ የተለካ?» የሚለው ይሁን።